ከስኼቨኒንገን ወደብ ዓሣ ነባሪ ፍለጋ ከጋሽ ሙሉጌታ ጋር

ቅዳሜ፣ ግንቦት 1979 ዓ.ም.
አምስተርዳም፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል

አምስተርዳም ቅዳሜ ንጋት ላይ የሰካራምና የሆቴል አጽጂ ከተማ ናት። እኔ ከሁለተኛዎቹ ወገን ስለሆንኩ መንገዱን በዚህ ሰዓት ከማንም በላይ አውቀዋለሁ። ዛሬ ግን ወደ ሥራ አይደለም የወጣሁት። ሁለት ሹራብ ደራርቤ፣ ካፖርት ደርቤ፣ የተቀቀለ እንቁላልና ዳቦ በፌስታል አንጠልጥዬ ወደ ባቡር ጣቢያው እየሮጥኩ ነው። የምሄደው ዓሣ ነባሪ ለማየት ነው።

እንዲህ ብዬ ስጽፈው ራሴም ይገርመኛል። ዓሣ ለመብላት ሳይሆን ለማየት! አክስቴ ብትሰማ "ይቺ ልጅ አበደች" ብላ ጠበል ትልክልኝ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው። የደች ቋንቋ ያስተማረችኝ አኔክ የምትባል ሴት አለች። ወንድሟ ዊም ዓሣ አጥማጅ ነበር። አሁን ማጥመዱን ትቶ፣ ጀልባውን ቀለም ቀብቶ፣ አግዳሚ ወንበር ደርድሮ ሰው እየጫነ ዓሣ ነባሪ ሊያሳይ ተነሥቷል። በጋውን ወደ ላይ፣ ወደ ኖርዌይ ቀዝቃዛ ውሃ ይዘልቃል። ከዚያ በፊት ዛሬ ሙከራ ያደርጋል፤ መንገድ የሳተ አንድ ዓሣ ነባሪ ከስኼቨኒንገን ራቅ ብሎ መታየቱን አጥማጆች ሰሞኑን አውርተዋል። አኔክ ሁለት ቦታ ያዘችልኝ። በዚያውም ዊም ረዳት እንደሚፈልግ፣ በተለይ ባሕር ላይ ዓይኑ የሚሠራ ሰው እንዳጣ ነገረችኝ።

ይህን ስሰማ ልቤ ዘለለ፤ እንዲህ ያለ ሰው አለኝና። ጋሽ ሙሉጌታ የእናቴ ታናሽ ወንድም ናቸው። ከወጣትነታቸው ጀምሮ ከአሰብ በሚነሡ የጭነት መርከቦች ላይ ሠርተዋል፤ ሥራቸው ከመርከቡ አፍንጫ ላይ ቆሞ ባሕሩን መመልከት ነበር። ከአራት ዓመት በፊት ሮተርዳም ላይ ከመርከብ ወርደው ቀሩ። ከዚያ ወዲህ ሥራቸው መስኮት አጠገብ መቀመጥና መንግሥት በየወሩ የሚሰጣቸውን ኡትኬሪንግ መቀበል ነው፤ ይህን ድጎማ በተቀበሉ ቁጥር ሰው የሞተባቸው ይመስላሉ። ሚስታቸው እትዬ ዘነበች ጅቡቲ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ጠበቃው "የሥራ ውል ያምጡልኝ፤ ሚስትዎን አመጣልዎታለሁ" ካላቸው ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው። በሃምሳ አራት ዓመት ዕድሜ፣ ያለ ቋንቋ፣ የሥራ ውል ከየት ይመጣል?

እንግዲህ እኔ የምሄደው ለዓሣ ነባሪው አይደለም። ለዚያ ወረቀት ነው።

ሮተርዳም ዙይድ፣ ጧት አንድ ሰዓት

ባቡሩ ዴን ሃግን አልፎ ነው ሮተርዳም የሚገባው። ጀልባው ያለው ዴን ሃግ፣ ስኼቨኒንገን በሚባለው የባሕር ዳር ሰፈሯ ነው። እኔ ጀልባውን አልፌ፣ ሮተርዳም ወርጄ፣ በሜትሮ ወንዙን ተሻግሬ፣ ጋሽ ሙሉጌታን ይዤ ተመልሼ ወደ ዴን ሃግ ልሄድ ነው። "ለምን እዚያው አትቀጣጠሩም?" የሚል አንባቢ ካለ ጋሽ ሙሉጌታን አያውቃቸውም። ሐሙስ ዕለት ደውዬ "ይምጡ" ስላቸው፣ "አይ፣ እኔ ሽማግሌው ምን ልሠራ፣ ከጓደኛሽ ጋር ሂጂ" ነበር መልሳቸው። ይህ ማለት መጥተሽ ውሰጂኝ ማለት ነው። የአገሬ ሰው ማስረዳት አያስፈልገውም።

ደረጃው ቀጥ ያለ ገደል ነው፤ እነዚህ አሮጌ የኪራይ ቤቶች በምን ዓይነት ሰው እንደተሠሩ እግዜር ይወቅ። ሦስተኛው ፎቅ ደርሼ ትንፋሼን ሳልሰበስብ በሩ ተከፈተ። ጋሽ ሙሉጌታ ሙሉ ሱፍ ለብሰው፣ ክራቫት አስረው፣ ጫማቸውን ወልውለው ቆመዋል።

"የት ሊሄዱ ነው?" አልኳቸው ሳቄን አፍኜ።

"የትም። እንዲያው ለባብሼ ልቀመጥ ብዬ ነው።"

"እንግዲያው ለባብሰው ጀልባ ላይ ይቀመጡ።"

"አይ ልጄ፣ እኔ ባሕር ጠግቤያለሁ።"

"ጋሼ፣ እኔ ልሙት፣ በእናቴ ሞት!"

"ካልሽ እንግዲህ" ብለው ኮፍያቸውን አነሡ። ኮፍያው በር ላይ ተዘጋጅቶ ተሰቅሏል።

ከመውጣታችን በፊት በመስኮቱ አንዴ ወደ ወደቡ ተመለከቱ። በጣራዎቹ መካከል ጠባብ የወንዝ ቁራጭ ትታያለች፤ አንድ መርከብ ጀርባዋን ሰጥታን ታልፋለች። እኔ ጭስና ብረት ብቻ ነው ያየሁት። እሳቸው "ባዶዋን ናት፤ ጭነት ለማንሣት ነው የምትሄደው፤ ከጎኗ ያለው ቀለም ደግሞ አዲስ ነው" አሉ። ይህን ዓይን መስኮት ላይ አራት ዓመት ማስቀመጥ ግፍ ነው።

የሥራውን ነገር ግን አልነገርኳቸውም። ቢያውቁ ከዚህ ቤት በሬ አይጎትታቸውም ነበር። ሥራ ለመለመን ጀልባ ላይ መውጣት ለእሳቸው ውርደት ነው።

ስኼቨኒንገን፣ ሦስት ሰዓት

ዴን ሃግ የሹማምንት ከተማ ናት፤ ትራሟ እንኳ በዝግታ ነው የምትናገረው። ባሕሩ ዳር ስንደርስ ግን ነገሩ ሁሉ ተለወጠ። ነፋሱ በጥፊ ተቀበለን። የደረቀ ዓሣ፣ የናፍጣና የገመድ ሽታ። ወፎቹ እንደ ሕፃን ያለቅሳሉ። ግንቦት ነው ብዬ ያመንኩት እኔ ሞኟ፣ ከካፖርቴ ሥር ጥርሴ ይንቀጫቀጫል።

ዊም ቀይ ፊት፣ ሰፊ ትከሻና አጭር ምላስ ያለው ሰው ነው። እጃችንን አንድ ጊዜ ብቻ ጨብጦ ለቀቀ። "እንደምን አደርክ፣ ልጆች ደህና፣ ቤት ደህና" የለም። ጋሽ ሙሉጌታ ሰላምታው ያልቃል ብለው አልጠበቁም ነበርና እጃቸው አየር ላይ ቀረ። ደነገጡ፤ እኔም አፈርኩ።

ተሳፋሪው አሥራ አምስት ይሆናል። ሁሉም የሩቅ ማሳያ መነጽር አንገቱ ላይ አንጠልጥሏል፣ ሁሉም የጎማ ጫማ አድርጓል። ክራቫት ያሰረ ጋሽ ሙሉጌታ ብቻ ናቸው። ዊም ከታች ቢጫ የዝናብ ልብስ አወጣና ለእሳቸው ዘረጋላቸው።

"አይ፣ አይ፣ ደህና ነኝ" አሉ በእጃቸው እየመለሱ።

ዊም "እሺ" ብሎ ልብሱን አጠገባቸው ላለ ራሰ በራ ሰውዬ ሰጠው።

ክው አልኩ። አራት ዓመት እዚህ አገር ኖሬም አልለመድኩትም። አንድ ጊዜ! ሰው አንድ ጊዜ ብቻ ተጠይቆ ይተዋል? እኛ ቤት እንግዳ እንቢ ሲል ግብዣው ገና መጀመሩ ነው። ጋሽ ሙሉጌታ ቢጫው ልብስ ራሰ በራው ላይ ሲዘረጋ በዓይናቸው ተከተሉት። ካፖርቴን አውልቄ ሰጠኋቸው፤ ሦስት ጊዜ እንቢ ብለው በአራተኛው ለበሱ። የሴት ካፖርት ነው፤ ቁልፉ በግራ። እኔ ሁለት ሹራቤን ይዤ ተንቀጠቀጥኩ።

ባሕር ላይ፣ ከአምስት ሰዓት ወዲያ

የመጀመሪያውን ሰዓት ስለ ራሴ አልናገርም። ዳቦውና እንቁላሉ የባሕር ወፎች ቀለብ መሆናቸውን ብቻ ልግለጽ።

ምድር ጠፍታለች። ከላይ ግራጫ፣ ከታች ግራጫ፤ በመካከሉ እኛ። ማዕበሉ ጀልባዋን ወደ ላይ ያነሣትና ጥቂት ያስብባታል፣ ከዚያ ይለቃታል። ብርዱ አጥንት ይቆረጥማል። ጋሽ ሙሉጌታ ግን ጀልባው አፍንጫ ላይ ሄደው፣ ምንም ሳይዙ፣ በሁለት እግራቸው ቆመዋል። ወለሉ ሲነሣ አብረው ይነሣሉ፣ ሲወርድ አብረው ይወርዳሉ። ሮተርዳም ደረጃ ላይ የማውቃቸው ጎባጣ ሰውዬ የት እንደሄዱ እንጃ።

አኔክ ከታች የአተር ሾርባ ይዛ ወጣች፤ ወፍራም፣ ቋሊማ የተከተፈበት፣ ጢሱ የሚጨስ። ለሁሉም አደለች። ጋሽ ሙሉጌታ ጋ ስትደርስ ምን እንደሚሉ አወቅኩና ተስፈንጥሬ ልነሣ ስል ማዕበሉ መልሶ አስቀመጠኝ።

"አይ፣ በልቻለሁ፤ እግዜር ይስጥልኝ" ሲሉ ሰማሁ። ከትናንት ማታ ጀምሮ እህል አልቀመሱም።

አኔክ ፈገግ ብላ አለፈች። ኩባያው ቀጥሎ ወደቆመው ሄደ። ኧረ ይሄ ምን ዓይነት አገር ነው! ደግ ሴት ናት እኮ፤ ከእኔ ጋር አልቅሳ ታውቃለች። የራሴን ሾርባ ወስጄ እጃቸው ላይ ለጠፍኩት። "አንቺስ?" አሉኝ። "እኔ ከዛሬ ወዲያ የምበላ አይመስለኝም" አልኳቸው፤ እውነቴን ነበር።

ከዚያ ምንም የለም። ሁለት ሰዓት ሙሉ ምንም። ተሳፋሪው መነጽሩን አወረደ። ራሰ በራው "ዓሣ ነባሪው ወደ ቤቱ ገብቷል መሰል" ብሎ ሳቀ፤ የሳቀለት የለም። ዊም መሪው ካለበት ክፍል በመስታወቱ ወደ እንግዶቹ ሰረቅ ያደርግና ዓይኑን ይመልሳል። የመጀመሪያ ጉዞው ነው፤ አንድ ሰው ባዶ ባሕር አይቶ ቢመለስ ነገ ማንም አይመጣለትም። አሳዘነኝ።

ተንፏቅቄ ወደ አፍንጫው ሄድኩና ጋሽ ሙሉጌታ አጠገብ ቆምኩ። ዓይናቸው አንድ ቦታ ላይ ተተክሏል።

"ምን ያያሉ?"

"እሱን ነዋ።"

"ማንን?"

"ዓሣውን። ከዚያ ጥቁር ደመና ሥር፣ በግራ። ሁለት ጊዜ ተነፈሰ። ቅድምም ወደዚህ ስንመጣ አይቼዋለሁ።"

ክንዳቸውን ያዝኩ። "ቅድም አይተው ነው ዝም ያሉት?"

"ታዲያ ካፒቴኑ እያለ? ሥራዬ ላይ ብሆን እጮህ ነበር። ዛሬ እንግዳ ነኝ። እሱ ሳያይ ተሳፋሪ 'አየሁ' ቢል ሰውዬውን በእንግዶቹ ፊት ማዋረድ አይሆንም? ቆይ፣ ራሱ ያየዋል።"

"ካላየውስ?"

"ካላየ ምን ይደረጋል፤ ጀልባው የሱ ነው።"

በሕይወቴ ብዙ ደንግጫለሁ፤ በዚህ ዓይነት ነገር ግን አልደነገጥኩም። አሥራ አምስት ሰው ብርድ እየገደለው ይፈልጋል፣ ባለጀልባው በሐፍረት ሊሞት ነው፣ ጋሽ ሙሉጌታ ደግሞ ለሰውዬው ክብር ሲሉ ዓሣ ነባሪውን ደብቀውታል! እየወደቅኩ እየተነሣሁ ወደ ዊም ሮጥኩ።

ሰባት ሰዓት

ዊም መጀመሪያ አላመነኝም። በመነጽሩ በግራ አየ፤ ምንም። ወደ ጋሽ ሙሉጌታ ተመለከተ። እሳቸው ዞር ሳይሉ ግራ እጃቸውን ከወገባቸው ሥር በትንሹ አወዛወዙ። የመርከብ ሰው ለመርከብ ሰው የሚያደርገው ምልክት መሆን አለበት፤ ዊም መሪውን አዞረ። ጥቂት እንደሄድን እጃቸው ወደ ታች ተጫነ። ዊም ሞተሩን አጠፋ።

ጸጥታ። ውሃው ጎናችንን ሲልስ ብቻ ይሰማል።

ከዚያ ባሕሩ ተነፈሰ። ሌላ አባባል የለኝም። ከአጠገባችን፣ ድንጋይ ቢወረወር ሊመታው ከሚችል ቦታ፣ የትልቅ ባቡር እንፋሎት የሚመስል ድምፅ ፈንድቶ ነጭ ጉም ፊታችን ላይ ተረጨ። ይሸታል! የበሰበሰ ዓሣ፣ የበሰበሰ ጎመን። ከጉሙ ሥር ጥቁር ጀርባ ወጣ፤ ወጣ፤ ወጣ፤ አያልቅም። "አሁንስ አለቀ" ስል ይቀጥላል። ጀልባችን ከሱ ጋር ስትተያይ የልጅ መጫወቻ ናት።

ዘጭ ብዬ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩና ሦስት ጊዜ አማተብኩ። የዮናስን ታሪክ በነነዌ ጾም ከሕፃንነቴ ጀምሮ ሰምቻለሁ፤ ሰው በዓሣ ሆድ ውስጥ ሦስት ቀን ማደሩን ሳልጠራጠር እየሰማሁ፣ ነገር ግን ዓሣው ምን ያህል እንደሆነ አስቤው አላውቅም ነበር። አሁን አየሁት። እኔንም፣ ዊምንም፣ ራሰ በራውንም ከነቢጫ ልብሱ ውጦ ቦታ ይተርፈዋል።

ከዚያ ጎኑን ሰጠን። ዓይን አለው። እኔ ያልጠበቅኩት እሱን ነው። ትንሽ፣ ጥቁር፣ እርጥብ፣ ዙሪያው የተሸበሸበ። ያ ሁሉ ሥጋ በዚያች ዓይን እኛን ተራ በተራ አየን። አንድም ሰው አልጮኸም። አንዲት ሴትዮ ካሜራዋን አንገቷ ላይ ትታ ሁለት እጇን አፏ ላይ ጭናለች። አኔክ ታለቅሳለች። እኔም አለቀስኩ፤ ለምን እንደሆነ ብትጠይቁኝ አልመልስም።

"መንገድ ጠፍቶብሃል አይደል?" አሉት ጋሽ ሙሉጌታ ቀስ ብለው፣ ለሰው እንደሚናገሩ። "ሰሜን በዚያ ነው፤ በዚያ።" በእጃቸው አሳዩት። ጀርባው ታጠፈ፣ ጅራቱ ተነሣ፣ ውሃው ገጥሞ ዝም አለ።

ከዚያ በኋላ ዊም ጋሽ ሙሉጌታን ከአጠገቡ አልለያቸውም። ሌላ ሦስት ጊዜ አገኙለት። "እንዴት ነው የሚያየው?" ብሎ በእኔ በኩል ጠየቃቸው።

"እሱን አይደለም የማየው። የወፎቹን አበራረር አያለሁ። ከጠለቀ በኋላ ደግሞ ውሃው ላይ ዘይት የፈሰሰበት የሚመስል የረጋ ቦታ ይተዋል፤ እንደ እግሩ ዱካ ነው። ያንን ተከትሎ መሄድ ነው" አሉ።

ስተረጉም ዊም አፉን ከፍቶ ሰማኝ። ሃያ ዓመት ያጠመደ ሰው ነው። በልቤ "እትዬ ዘነበች መጡ" አልኩ።

ስኼቨኒንገን፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል

እንግዶቹ ሲወርዱ ከካፒቴኑ ይልቅ የጋሽ ሙሉጌታን እጅ ጨበጡ። ራሰ በራው ሳይቀር። እሳቸው ለእያንዳንዱ ኮፍያቸውን እያነሡ ሸኙ።

በመጨረሻ ዊም እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ መጣ። "ንገሪው" አለኝ። "ሰው እፈልጋለሁ። ከሰኞ ጀምሮ። ውል እጽፍለታለሁ፤ ለዚህ በጋ ብቻ አይደለም፣ ለከርሞም። ይሠራል?"

ፈጥኜ ተረጎምኩ። ጋሽ ሙሉጌታ ጫማቸውን አዩ። ጆሮአቸው ሥር ቀላ። ደስ እንዳላቸው ለማወቅ ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚያውቃቸው ሰው አያስፈልግም፤ ማንም ያየዋል።

"አይ" አሉ። "እኔ ሽማግሌው ምን ላስቸግረው። ወጣት ይፈልግ። አክብሮ ስለጠየቀኝ እግዜር ይስጥልኝ በይልኝ።"

እዚህ ላይ ስለ ራሴ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። በሳምንት ሁለት ቀን ለስደተኞች አስተረጉማለሁ። ተርጓሚ የተባለውን ይላል፤ ያልተባለውን አይጨምርም። ሥራው ላይ ሲቀጥሩኝ ያስማሉኝ ይህንን ነው፤ ሰው በአንዲት የተጨመረች ቃል ምክንያት ዕድሉ ሲበላሽ አይቻለሁ። ምላሴ ለምዶታል። ስለዚህ "አይሆንም ይላል። ሽማግሌ ነኝ፣ ወጣት ፈልግ፣ ስለጠየቅከኝ አመሰግናለሁ ይላል" አልኩት። ከዚያ እሱ ድጋሚ እስኪጠይቅ ጠበቅኩ። ጋሽ ሙሉጌታም ጠበቁ።

ዊም "ያሳዝናል" አለ። ትከሻቸውን መታ መታ አደረገ። "እንግዲያው ሰኞ ከወደቡ ልጆች አንዱን እጠይቃለሁ።" ብሎ ወደ ታች ወረደ።

ይኸው ነው። ክብሪት ከመጫር ባነሰ ጊዜ አለቀ። ሁለታችንም ውሃ ዳር እንደተተከልን ቀረን። ከዓሣ ነባሪው ይልቅ ያደነዘዘኝ ይሄ ነው። ያደረግኩትን አወቅኩ። "ዊም" ብዬ ልጣራ ፈለግኩ፤ ጋሽ ሙሉጌታ "ነይ፣ እንሂድ" ብለው መንገድ ጀመሩ።

ዴን ሃግ፣ ባቡር ጣቢያው ፊት

ትራም ውስጥ ካፖርቴን አውልቀው አጣጥፈው ጉልበቴ ላይ አስቀመጡልኝ። ጣቢያው ፊት ወርደን የሮተርዳምን ባቡር ሰዓት ሳነብ ከኋላዬ ቀስ ብለው፣ "እንደገና ይጠይቀኛል ብዬ እኮ ነው" አሉ።

ዞር ብዬ አየኋቸው። ፊታቸው ላይ ያየሁትን ባላይ እመርጥ ነበር።

"አይጠይቅም፣ ጋሼ! እነዚህ ሰዎች አንድ ጊዜ ነው የሚጠይቁት! እንቢ ሲሏቸው እንቢ ነው ብለው ያምናሉ! ኑ እንመለስ።"

"አይሆንም። ሰው እንቢ ብሎ ወጥቶ ተመልሶ ይለምናል? ምን ይለኛል?"

"ምንም አይልም!"

"ለሱ ላይሆን ይችላል፤ ለእኔ ነውር ነው።"

ነደደኝ። በራሴ ነደደኝ፣ በዊም ነደደኝ፣ በእሳቸው ደግሞ ከሁሉም በላይ። "እትዬ ዘነበችስ?" ብዬ ጮኽኩ። መንገደኛው ሁሉ ዞረ። "ነገ ሲደውሉላቸው ምን ሊሏቸው ነው? 'ሥራ ሰጡኝ፣ ውል ሊጽፉልኝ ነበር፣ ይሉኝታ ይዞኝ እንቢ አልኩ፤ አንቺ እዚያው ጅቡቲ እርጂ' ሊሏቸው ነው?"

ከአፌ ሲወጣ ሰማሁትና ደርቄ ቀረሁ። በእናቴ ቤት ታላቅ ሰው ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም። ይቅርታ ልል ነበር፤ ጊዜ አልሰጡኝም። ፊታቸው አመድ መሰለ። ኮፍያቸውን አውልቀው መልሰው አደረጉ። ከዚያ ግራ ቀኝ ሳያዩ መንገዱን ተሻግረው፣ ወደ ባሕሩ የሚመለሰው ትራም ላይ ወጡ። የትራም ካርዳቸውን እንኳ አላሳተሙም፤ ያለ ትኬት አንድ ፌርማታ ሄደው የማያውቁ ሰው ናቸው። እየሮጥኩ ተከተልኳቸው፤ በሩ ሊይዘኝ ለጥቂት ነው።

ስኼቨኒንገን፣ አሥራ ሁለት ሰዓት

ዊም ብቻውን የጀልባውን ወለል በውሃ ጎማ ያጥባል። መምጣታችንን አላየም።

"ምን ልበልልዎት?" ብዬ ጠየቅኳቸው እያለከለክኩ።

"ምንም አትበዪ።"

ኮታቸውን አወለቁ፤ አጣጥፈው፣ ኮፍያቸውን ከላይ አድርገው፣ ገመድ በሚታሰርበት ብረት ላይ አስቀመጡ። ክራቫታቸውን በሸሚዛቸው መካከል አስገቡ። እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ከዚያ ማንም ሳይጋብዛቸው፣ ማንንም ሳያስፈቅዱ፣ ተራምደው ጀልባው ላይ ወጡና ረጅሙን ብሩሽ አንሥተው መፈግፈግ ጀመሩ። ጋሽ ሙሉጌታ! ሰው ቤት ገብተው "ይቀመጡ" ሳይባሉ የማይቀመጡት። ዓይኔን ማመን አቃተኝ።

ዊም ውሃውን ዘጋ። እሳቸውን አየ፤ እኔን አየ።

"ምን እያደረገ ነው?"

አፌን ከፈትኩ። የምናገረው ብዙ ነበር፤ ስለ አገራችን፣ ስለ እንግዳና ስለ ባለቤት፣ ስለ መጀመሪያው እንቢና ስለ ሦስተኛው። ሁሉንም ተውኩት።

"እሺ እያለህ ነው" አልኩት።

ጋሽ ሙሉጌታ ቀና አላሉም፤ የሸሚዛቸው ጀርባ እርጥብ ነበር። ከዚያ ዊም ፊቱን አኮሳትሮ ጮኸ፦ "ከመካከል አይጀመርም! ከፊት ጀምሮ ወደ ኋላ ነው፣ ንገሪው! ደግሞ ሰኞ በዚያ ጫማ እንዳይመጣ!"

ልተረጉም ዞር ስል ጋሽ ሙሉጌታ ብሩሹን ይዘው ወደ ጀልባው አፍንጫ እየሄዱ ነበር።

ወደ አምስተርዳም የተመለስኩት ብቻዬን ነው። እሳቸው ገና ግማሹን አልጨረሱም ነበር።